ቁስል፣ ብረትና ሰውነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እግሩ ውስጥ ብረት የገባለት፣ ዓይኗ ውስጥ ሌንስ የተተከለላት፣ ክንዷ ላይ የወሊድ መቆጣጠሪያ ያስቀበረች ዘመድ የሌለው ሰው ጥቂት ነው። ጥያቄውም ብዙ ነው። ከሁሉም የሚበዛው ግን "ሰውነቱ ተቀበለው ወይ?" የሚለው ነው። እኔ ደግሞ ሰውነት ባዕድ ነገርን በዝምታ ተቀብሎ አያውቅም ባይ ነኝ። ዝም ያለ ሲመስለን እንኳ ውስጥ ውስጡን ሥራ ላይ ነው። ኢምፕላንት (ሰውነት ውስጥ የሚተከል ባዕድ ዕቃ) ሁሉ የሚገባው በቁስል በኩል ስለሆነ ከቁስል እንጀምር። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ስቆረጥ ሰውነቴ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

መጀመሪያ ደሙ መቆም አለበት። የተቆረጠው የደም ሥር ይኮማተራል። ፕላትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች እርስ በርስ ተጣብቀው ቀዳዳውን ይደፍናሉ፣ ፋይብሪን የሚባል ፕሮቲን ደግሞ ክር እየሠራ ያጠናክራቸዋል። ይሄ በደቂቃዎች ያልቃል።

በሰዓታት ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ይደርሳሉ። ሥራቸው ባክቴሪያ መግደል ነው። ቦታው የሚቀላው፣ የሚያብጠውና የሚሞቀው በዚህ ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ "አመረቀዘብኝ" ብሎ ይደነግጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ታይቶ ቀስ በቀስ የሚቀንስ እብጠት ግን ጤናማ ነው። የሚያሰጋው ከዚያ በኋላ እየባሰ የሚሄደው፣ መግል የሚያመጣው ወይም ትኩሳት የሚጨምርበት ነው።

ከዚያ ማክሮፌጅ የሚባሉት ሴሎች ይመጣሉ። ስማቸውን ያዙልኝ፣ እስከ መጨረሻው አብረውን አሉ። የሞተውን ሴልና ቆሻሻውን ይበላሉ፣ ሲጨርሱ ደግሞ ፀባያቸውን ቀይረው ጠጋኝ ይሆናሉ። ኮላጅን የሚባለውን የቆዳ ማጠናከሪያ ፕሮቲን የሚሠሩትን ፋይብሮብላስት የተባሉ ሴሎች የሚጠሩትም፣ አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል ምልክት የሚሰጡትም እነሱ ናቸው። ቁስሉ ውስጥ የምታዩት ቀይ፣ እርጥብ፣ ትንሽ ሲነኩት የሚደማ ሥጋ የዚህ ሥራ ውጤት ነው። የተበላሸ ሥጋ መስሏቸው የሚፍቁት አሉ። እባካችሁ አትፍቁት፤ እየዳነ ያለው እሱ ነው።

ላዩ ተገጥሞ "ዳነ" ከተባለ በኋላም ሥራው ለወራት ይቀጥላል። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ የቁስሉ ጥንካሬ ከጤነኛ ቆዳ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ከ20 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ከሦስት ወር በኋላ ወደ 80 በመቶ ይጠጋል፣ ከዚያ በላይ ግን አይሄድም፤ ጠባሳ መቼም እንደ ድሮው ቆዳ አይሆንም። ሆዷን ተሰፍታ በሁለተኛው ሳምንት ጀሪካን የምታነሳ እናት ስፌቷ ቢከፈት የማይገርመው ለዚህ ነው። ክሩ ወጣ ማለት ቁስሉ ጠነከረ ማለት አይደለም።

ቁስል ላይ ቡና መነስነስስ?

አትነስንሱ። ደሙን ያቆመ የሚመስለው ዱቄቱ ደሙን ስለሚመጥና ስለሚሸፍነው ነው። በንጹሕ ጨርቅ ለአሥር ደቂቃ ያህል ሳያነሱ ጠበቅ አድርጎ መጫን ከቡናው በላይ ይሠራል። ማክሮፌጆቹ ደግሞ እያንዳንዷን የቡና ቅንጣት እንደ ባዕድ ያዩዋታል። ባክቴሪያውን መዋጋት ሲገባቸው ቡና ሲለቅሙ ይቆያሉ። ጤና ጣቢያ ስትደርሱም ነርሷ ቅንጣቱን አንድ በአንድ ማጠብ ግድ ይሆንባታል፣ ያ ደግሞ ያማል። አመድ፣ አፈርና እበት ከቡናም የከፉ ናቸው፤ የቴታነስ ተሐዋሲ ዘር አፈርና እበት ውስጥ ስለሚኖር ሕይወት ያስከፍላሉ።

ማርስ?

ማር ሌላ ነው። የአባቶቻችን ዕውቀት እዚህ ላይ ከሳይንሱ ጋር ይገጥማል። ማር ውሃው ጥቂት ስለሆነ ባክቴሪያውን ያደርቀዋል፣ አሲድነት አለው፣ ንቦቹ የጨመሩበት ኢንዛይም ደግሞ ከቁስሉ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ጥቂት ጥቂት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያወጣል። በሆስፒታል የሚሠራበት ማር ግን በጨረር የጸዳ ነው፤ ተራ ማር ውስጥ የባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ከገበያ የመጣውን፣ ያውም ስኳር ተቀላቅሎበት እንደሆነ የማይታወቀውን፣ ጥልቅ ቁስል ውስጥ አታፍስሱ።

ቁስል አየር ማግኘት የለበትም?

ይሄ በየቤቱ የሚባል ነው፣ ስህተት ነው። ጆርጅ ዊንተር የሚባል ተመራማሪ በ1962 በአሳማ ላይ ባደረገው ጥናት እርጥበቱ ተጠብቆ የተሸፈነ ቁስል ክፍት ሆኖ ከደረቀው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ በቆዳ እንደሚሸፈን አሳየ። ምክንያቱ ቀላል ነው። አዲሶቹ የቆዳ ሴሎች የሚንቀሳቀሱት በእርጥብ ቦታ ላይ ነው። የደረቀ ቅርፊት ካለ በሥሩ እየቆፈሩ መሄድ አለባቸው። እርጥብ ስንል ግን የራሰ፣ የሚያዥ ማለታችን አይደለም። በፋሻው በኩል ፈሳሹ ከወጣ ይቀየር። ደረቅ ጎዝ ተጣብቆ ሲነቀል አዲሱን ሥጋ ይዞ ስለሚነሳ፣ ከማንሳታችሁ በፊት በንጹሕ የጨው ውሃ አርጥቡት።

ስኳር ያለባቸውና የሚያጨሱ ሰዎች ቁስላቸው ይዘገያል። እግሩ የደነዘዘ የስኳር ታማሚ ጫማው ሲቆርጠው አይሰማውም። በየማታው እግርን ማየት፣ በጣቶች መካከል ጭምር፣ እግር ከመቆረጥ የሚያድን ልማድ ነው።

ጆሮዬን ከተበሳሁ በኋላ ጠባሳው እያበጠ ሄደ። ምንድን ነው?

ኬሎይድ ሊሆን ይችላል። ጥገናው በቃኝ ሳይል ሲቀርና ኮላጅኑ ያለ ልክ ሲሠራ የሚመጣ ነው። ጥቁር ቆዳ ባለን ሰዎች ላይ ይበዛል፣ በቤተሰብም ይወረሳል። የጆሮ ጫፍ፣ ደረትና ትከሻ የሚወዳቸው ቦታዎች ናቸው። ከቁስሉ ድንበር ካለፈ ኬሎይድ ነው፣ በድንበሩ ውስጥ ከፍ ብሎ ከቀረ ግን ሌላ ዓይነት ወፍራም ጠባሳ ነው፤ ያኛው ከጊዜ ጋር ሊቀንስ ይችላል። ኬሎይድን "ቆርጬ ልጣለው" ማለት አደገኛ ነው። ብቻውን ከተቆረጠ ብዙ ጊዜ ብሶ ይመለሳል። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ስቴሮይድ የሚባል እብጠት አብራጅ መድኃኒት ውስጡ በመውጋት ይጀመራል። ቤተሰባችሁ ውስጥ ካለና ቀዶ ሕክምና የምትገቡ ከሆነ አስቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

እሺ፣ ባዕድ ነገር ሲገባስ?

መጀመሪያ የሚደርሰው ሴል ሳይሆን ፕሮቲን ነው። ብረቱም ሆነ ፕላስቲኩ ደም በነካው በሰከንዶች ውስጥ አልቡሚን፣ ፋይብሪኖጅንና ሌሎች የደም ፕሮቲኖች ይለብሱታል። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ሴሎች የሚነኩት ብረቱን ራሱን አይደለም፣ ያንን የፕሮቲን ልባስ ነው። የባዮማቴሪያል (ሰውነት ውስጥ የሚገቡ ዕቃዎች የሚሠሩበት ቁስ) ባለሙያዎች ዕቃው ከምን እንደተሠራ ብቻ ሳይሆን ስለ ገጽታው ልስላሴና ስለ ልባሱ ይህን ያህል የሚጨነቁት ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ማክሮፌጆች ይመጡና ሊውጡት ይሞክራሉ። ባክቴሪያ መዋጥ ይችላሉ፣ የ30 ሳንቲ ሜትር ብረት ግን እንዴት ይዋጣል? ሲያቅታቸው እርስ በርስ ተዋህደው ብዙ ኒውክለስ ያለው አንድ ግዙፍ ሴል ይሆናሉ፣ ዕቃው ላይም ተለጥፈው አሲድና ኢንዛይም ይረጩበታል። ይህም ካልሆነ ፋይብሮብላስቶቹ ይጠሩና ዙሪያውን በኮላጅን ሽፋን ይከቡታል። እኛ "ተቀበለው" የምንለው በአብዛኛው ይህንን ነው። ሰውነት አላሸነፈውም፣ አላባረረውም፣ አጥሮት ተቀመጠ። ጎረቤቱን ሊያስነሳው ያልቻለ ሰው በመካከል ግንብ ሠርቶ እንደሚኖረው ማለት ነው።

ይህንን ሽፋን በዓይን ማየት ይቻላል?

አዎ፣ ያውም በየጤና ጣቢያው። የክንድ የወሊድ መቆጣጠሪያ ሲወጣ ማየት ነው። ኢምፕላኖን 4 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ለስላሳ የፕላስቲክ ዘንግ ናት። በኢትዮጵያ ከ2009 ጀምሮ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አማካይነት እስከ ገጠር ቀበሌ ድረስ ስለገባች ብዙ እናቶች ያውቋታል። ልታወጣላችሁ የመጣች ነርስ ክንዱን አደንዝዛ ትንሽ ትበጣና የዘንጓን ጫፍ ወደ ቀዳዳው ትገፋለች። ጫፏ ብቅ ሲል ነጭ ሆና ትታያለች፣ ግን ቶሎ አትወጣም። ነጩ ነገር ዘንጉ ብቻ አይደለም፣ ሰውነት የሠራላት ቀጭን ልባስ ነው። ነርሷ ልባሱን በምላጩ ጫፍ በስሱ ትፍቀዋለች፣ ያኔ ዘንጓ ሾልካ ትወጣለች። "ሥጋዬ ጋር ተጣብቃ ቀረች" የሚባለው ወሬ ምንጩ ይህ ነው። አልተጣበቀችም፣ ተሸፍና ነው። መድኃኒቱም በሽፋኑ ውስጥ እያለፈ ሥራውን ይሠራል።

አንድ ነገር ግን አደራ። የምታስወጡት የማውጣት ሥልጠናው ባለው የጤና ባለሙያ ዘንድ ይሁን። ጥልቅ የገባችን ዘንግ በግምት መፈለግ ነርቭና የደም ሥር ይጎዳል። በእጅ ዳሳችሁ ካጣችኋት ተናገሩ፣ በአልትራሳውንድ ትገኛለች።

ታዲያ ቲታኒየም ለምን የተለየ ተባለ?

አጥንት ቲታኒየምን አያጥረውም። በቀጥታ ላዩ ላይ ያድግበታል። ይህን ያገኘው ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ ነው። በ1952 የጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ የደም ዝውውር ማያ የቲታኒየም መሣሪያ አስገባ። ጥናቱ ሲያልቅ ውድ መሣሪያውን ሊያወጣ ቢሞክር አጥንቱ ይዞ አልለቅም አለ። ሌላ ሰው ተናዶ ሊያልፈው ይችል ነበር። እሱ ግን ለጥርስ አዋለው፣ በ1965 የመጀመሪያውን ታካሚ በቲታኒየም የጥርስ ሥር አከመ። ምስጢሩ ቲታኒየም አየር ሲነካው በቅጽበት የሚለብሰው በጣም ቀጭን የኦክሳይድ ሽፋን ነው፤ ሲጫር ራሱን መልሶ ይሸፍናል፣ ከሰውነት ፈሳሽ ጋርም አይጣላም። የጥርስ ኢምፕላንት ካስተከላችሁ በኋላ ሐኪሙ ለወራት "ጠብቁ" የሚላችሁ አጥንቱ እስኪይዘው ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከተነቃነቀ በአጥንት ፈንታ ጅማት መሰል ሽፋን ይሠራና ኢምፕላንቱ ይወላውላል።

ዓይን ውስጥ የተተከለ ሌንስ ለምን አይቆጣም?

የዚህ ታሪክ መነሻ ጦርነት ነው። በ1940 የእንግሊዝ ተዋጊ አብራሪ የነበረው ጎርደን ክሊቨር የአውሮፕላኑ የፕላስቲክ መስኮት ተመቶ ሲፈነዳ ስብርባሪው ዓይኖቹ ውስጥ ገባ። ሐኪሙ ሃሮልድ ሪድሊ እንዲህ ያሉ ቁስለኞችን ሲከታተል የፕላስቲኩ ስብርባሪ ዓይንን ብዙም እንደማያስቆጣ ልብ አለ። ፕላስቲኩ ፒኤምኤምኤ የሚባለው ነው። በ1949 ለንደን በሚገኘው ሴይንት ቶማስ ሆስፒታል ከዚሁ ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ሌንስ ሞራ ለወጣላት ታካሚ ተከለ። በዘመኑ የነበሩ ስመ ጥር የዓይን ሐኪሞች ክፉኛ ተቃወሙት። ዛሬ በየዘመቻው ለሞራ ታማሚዎቻችን የሚተከለው ሌንስ የዚያ ልጅ ነው። ዋጋው የወረደውም በ1992 ሕንድ ማዱራይ ውስጥ አውሮላብ የሚባል ድርጅት በርካሽ ማምረት ከጀመረ ወዲህ ነው።

"ሞራው ተመለሰብኝ" የሚሉ አሉ። ሞራ አይመለስም። ሲወጣ የቀሩ ጥቂት የሌንስ ሴሎች ከአዲሱ ሌንስ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ላይ ተራብተው ያደበዝዙታል። ይሄም ራሱ የሰውነት ጥገና ነው፣ ያለ ቦታው የተሠራ። መፍትሔው በሌዘር ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ነው። እናታችሁ ከተሠራች ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ዓይኗ ከደበዘዘ "ዕድሜ ነው" ብላችሁ ቤት አታስቀምጧት።

እግሬ ውስጥ ያለው ብረት ይዝጋል? ብርድ ይስባል?

አይዝግም። በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚገባው ለሕክምና የተዘጋጀ አይዝጌ ብረት ነው ወይም ቲታኒየም። ጥቁር አንበሳን ጨምሮ በብዙ ሆስፒታሎቻችን ለጭንና ለቅልጥም ስብራት የሚገባው ሳይን የሚባለው ዘንግ አይዝጌ ብረት ነው። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የሚገኝ ግብረ ሰናይ ድርጅት ያዘጋጀው ሲሆን፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ የራጅ ማሽን ባይኖርም ብሎኖቹን ትክክለኛው ቀዳዳ ላይ ለማስገባት የሚያስችል መሪ አለው። በመኪናና በባጃጅ አደጋ ለተሰበረው ወጣት ሁሉ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ብርዱን በተመለከተ፣ ሕመሙን ፈጠራ ነው አልልም። ብረቱ ከቆዳ ሥር ከሆነ ቅዝቃዜ ቶሎ ይሰማል፣ የብሎን ጭንቅላትም ጅማት ይፈትጋል። አይዝጌ ብረት ውስጥ ኒኬል ስላለ የኒኬል አለርጂ ያለበት ሰው፣ ጆሮ ጌጥ የሚያሳክካት ለምሳሌ፣ አስቀድማ ትናገር። አጥንቱ ከያዘና የሚያስቸግር ነገር ከሌለ ብረቱን ለማስወጣት ብቻ ዳግም መቀደድ አያስፈልግም። ልጆች ላይ አጥንታቸው ገና ስለሚያድግ ብዙ ጊዜ ይወጣል።

ቀዶ ሕክምናው ቦታ መግል ያዘ። መድኃኒት እየወሰድኩ ለምን አልዳነም?

በጣም የሚያሳስበኝ ጥያቄ ይሄ ነው። በ1957 ኤሌክ እና ኮነን የሚባሉ ተመራማሪዎች ጤነኛ ቆዳ ላይ መግል ለማምጣት ከሚሊዮን በላይ የስታፍ ባክቴሪያ እንደሚያስፈልግ፣ ቆዳው ውስጥ አንድ የስፌት ክር ካለ ግን በመቶ የሚቆጠሩት እንደሚበቁ አሳዩ። አንድ ክር ይህን ካደረገ ብረት ምን ያደርጋል በሉ።

ባክቴሪያዎቹ ብረቱ ላይ ከተቀመጡ ራሳቸውን በሚያዳልጥ ዝቃጭ ይሸፍናሉ። ባዮፊልም ይባላል። ነጭ የደም ሴል አይደርስባቸውም፣ ኪኒኑም ላይ ላዩን ያሉትን ገድሎ ውስጥ ያሉትን ይተዋቸዋል። ስለዚህ መድኃኒቱን ስትወስዱ ይሻላችኋል፣ ስታቆሙ ይመለሳል። ቶሎ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከመጣችሁ ታጥቦ ብረቱ የሚተርፍበት ዕድል አለ። ከዘገየ ግን ብዙ ጊዜ ብረቱ መውጣት አለበት። ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ እየገዙ ወር ሁለት ወር መቆየት ያንን ዕድል መጣል ነው። ከተዘጋ ቁስል ላይ የምትከፈት፣ ጥቂት ፈሳሽ አውጥታ የምትደርቅና መልሳ የምትከፈት ትንሽ ቀዳዳ ካያችሁ ባትታመሙም ሂዱ። ወጌሻ ዘንድም አይደለም፣ ወደ ሠራላችሁ ሆስፒታል።

የዳሌ መገጣጠሚያ ተቀየረልኝ። ዕድሜ ልክ ያገለግላል?

ለብዙዎች ከ15 ዓመት በላይ ይቆያል። ዋናው ጠላቱ ፍቀት ነው። እንግሊዛዊው የአጥንት ሐኪም ጆን ቻርንሌይ መጀመሪያ ቴፍሎን የሚባል ፕላስቲክ ተጠቅሞ ነበር፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተፍቆ አለቀ። ብናኙ የሚያደርሰውን ለማወቅ የገዛ ጭኑ ውስጥ ቴፍሎን አስገብቶ ሞክሮታል፣ ቴፍሎኑም ቦታውን አስቆጣው። በ1962 ጠንካራ ፖሊኤቲሊን ወደሚባለው ፕላስቲክ ዞረ፣ ያ ነው ዓለምን ያዳረሰው። እዚህም የማይዋጠው ትልቁ ዕቃ ሳይሆን የሚዋጠው ትንሹ ብናኝ ነው ችግር ያለበት። ማክሮፌጆቹ ይውጡታል፣ መፍጨት አይችሉም፣ ይቆጣሉ፣ የድረሱልን ምልክት ይልካሉ፣ አጥንት በሊታ ሴሎች መጥተው በዕቃው ዙሪያ ያለውን አጥንት ይበሉታል። ዕቃው ይላላል። ሕመም ባይኖርም በየጊዜው ራጅ መነሳት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የልብ ቫልቭ የተቀየረላት እህቴ ጎመን አትብይ ተባለች። እውነት ነው?

ጎመን ክልክል አይደለም። ጉዳዩ ልኩ ነው። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም መዘዝ ልባቸው የተጎዳ ብዙ ወጣቶች ሰው ሠራሽ የካርቦን ቫልቭ ይገባላቸዋል። ያ የፕሮቲን ልባስ ትዝ ይላችኋል? እዚህም ፋይብሪኖጅን ይለጠፋል፣ ፕላትሌት ይከተላል፣ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ተላቅቆ አንጎል ላይ ከሄደ ስትሮክ ነው። ስለዚህ ዋርፋሪን የሚባለው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ ደግሞ የዋርፋሪንን ሥራ ይቀንሳል። ከፋሲካ እስከ ሁዳዴ ሥጋና ወጥ ስትበላ ቆይታ፣ ጾም ሲገባ በየቀኑ ጎመን ከጀመረች ደሟ ይወፍራል። ጾሙ ሲፈታ ጎመኑን ስታቆም ደግሞ ደሟ ይቀጥናል፣ የመድማት አደጋ ይመጣል። ዓመቱን ሙሉ ተመጣጣኝ መጠን መብላት፣ ጾም ሲገባና ሲወጣ አይኤንአር የሚባለውን የደም መርጋት ፍጥነት ምርመራ ማድረግ ነው መፍትሔው።

ከእንስሳ ሥጋ የተሠራ ቫልቭም አለ፣ ከአሳማ ወይም ከላም። ዋርፋሪን ዕድሜ ልክ ላያስፈልገው ይችላል። ወጣቶች ላይ ግን ካልሲየም ቶሎ ስለሚጋገርበት ሌላ ቀዶ ሕክምና ይከተላል። ለመውለድ የምታስብ ሴት ይህን ከሐኪሟ ጋር መነጋገር ያለባት ቫልቩ ከመመረጡ በፊት ነው፤ ዋርፋሪን በእርግዝና መጀመሪያ ወራት ጽንሱን ይጎዳል። ዋርፋሪን የጀመረች ከሆነ ደግሞ ወር አበባዋ የቀረ ዕለት ትሂድ፣ መድኃኒቱን ግን በራሷ አታቋርጥ።